የነፍስ አባት እስኪመጡ

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ነቀዝ የበላው ማሽላና የአሮጌ ጆንያ ጠረን ገና ከበሩ ተቀበለኝ። መስኮት የለውም። ከቆርቆሮው ሥር በቀረችው ክፍተት ትንሽ የሰቆጣ ሰማይ ይታያል።

ጠዋት ከከተማው ወጣ ባለ የተፈናቃዮች መጠለያ ነበርኩ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች በወተት ዱቄት የተሠራ አልሚ ምግብ ያድል ነበር። ቤት ከወሰዱት ለልጆች ያካፍሉታል ተብሎ፣ እዚያው በሠራተኞቹ ፊት እንዲበሉት ነው ደንቡ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ሴቶቹ እሽጉን ሳይከፍቱ በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ጋዜጠኛ ነኝና ያንን ቀረጽኩ። “ሕዝብ የሚያነሳሳ ምስል” ተባለና ፖሊሶች ካሜራዬን ወስደው እኔን ወደ መጋዘኑ አመጡኝ።

ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። አወቅኋቸው። በመጠለያው በር ላይ ቆመው ሴቶቹን በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና ሲያነጋግሩ የቀረጽኋቸው፣ ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ገበሬ ናቸው።

“ባለካሜራው አንተ ነህ?”

“ነኝ፣ አባቴ።”

“አንተ ባየኸው፣ እኔ በተናገርኩት። ዓይንም አፍም ያሳስራል ለካ።”

ክሳቸው ሴቶቹን እንዳይበሉ ከልክለዋል የሚል ነበር። እውነት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

“ማን ከለከለ? ቆዩ ነው ያልኩ። እርጉዝና አራስ የነፍስ አባቷ ከጾሙ ከፈታት ትበላለች፣ ነውር የለውም። ቄሱ ለቀብር ቆላ ወርደዋል። እሳቸውን ጥሩልኝ ብዬ ለሠራተኞቹ ነገርኩ። እኛ ሃይማኖት ውስጥ አንገባም አሉኝ። ግቡ መች አልኩ? ጥሩልኝ ነው ያልኩ።”

ከሴቶቹ አንዷ ልጃቸው እንደሆነች ነገሩኝ። ጡቷ ነጥፏል፤ ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል።

እኩለ ቀን ላይ የፖሊስ ጣቢያው ኃላፊና የድርጅቱ አስተባባሪ መጡ። አስተባባሪው ከሩቅ ከተማ የተመደበ ትሁት ሰው ነው፤ ሁለት እሽግ ይዟል።

“አባባ፣ ነገሩን እናቅልለው” አለ ኃላፊው። “ነገ ጠዋት ሴቶቹ ፊት አንዱን ይብሉላቸው። እርስዎን ካዩ ይበላሉ። ከዚያው ይለቀቃሉ።”

“የሚጠብቁት እኔን አይደለም።”

“ማንን ነው?”

“ነግሬያችኋለሁ።”

“ቄሱን ማስጠራት ብቻ እኮ ነው” አልኩ።

“አንተ አሁን ሥራ ላይ አይደለህም” አለኝ ኃላፊው።

አስተባባሪው ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አለ። “የእኛ ፍላጎት ሕይወት ማዳን ነው፣ አባቴ” አለ። ከልቡ ነበር። ያበሳጨኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ስለሚሰጠው ምግብ ይዘት ብዙ ያውቃል፤ በሩ ላይ ለቆመው ሰው አንድ ጥያቄ አልጠየቀም።

እሽጎቹን ትተውልን ሄዱ።

“ለልጅዎ ሲሉ አንድ ጊዜ ቢበሉትስ?” አልኳቸው።

“እኔ ከበላሁ እሷ አትበላም። አባቴን አስረው ጾሙን አስገደፉት ብላ ያንን ምግብ ዳግም አትነካውም። እነሱ እኔ እምቢ ያልኩ ይመስላቸዋል። እኔ የምጠብቀው እንድትበላ ነው።”

እኔ ጾመኛ አይደለሁም። ካለፈው ቀን ጀምሮም እህል አልቀመስኩም። ዓይኔ ወዴት እንደሚሄድ ሳያዩት አልቀሩም፤ ሁለቱንም እሽግ ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

“ብላ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቆሎዬን እቆረጥማለሁ።”

“እርስዎ ፊት እንዴት አድርጌ?”

“ፊቴ ከሆነ የቸገረህ፣ ይዤልህ ልዙር።”

ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔ ስበላ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ስለ በልግ ዝናብ ያወሩ ነበር፤ የእሽጉ ድምፅ እንዳያሳፍረኝ ይመስለኛል። ስጨርስ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

“ይጣፍጣል?”

“ይጣፍጣል።”

“እንግዲያው ለልጄ ይስማማታል።”

ቄሱ ከቀብር ሲመለሱ ወሬውን ከመንገደኛ ሰምተው፣ ማንም ሳይጠራቸው በቀጥታ ወደ መጠለያው ሄዱ። ጥላቸውን አጥፈው ሴቶቹን እንደተቀመጡ ፈቷቸው። ሴቶቹ በሉ፤ የሽማግሌው ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ነበረች። እሳቸው በዚያው ቀን ተለቀቁ፣ እኔ ቆይቼ።

በቅርቡ እርዳታ ሰጪዎች የአካባቢውን ባህልና ሃይማኖት ስለማክበር በሚሠለጥኑበት አዳራሽ ለዘገባ ተገኝቼ ነበር። የዚያ መጠለያ ታሪክ በምሳሌነት ቀረበ፤ “በግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ የእናቶች አመለካከት ተቀይሯል” ተባለ። እጄን አንስቼ ቄሱን ማን እንደጠራቸው ጠየቅሁ። ጥያቄው ለከሰዓት ተላለፈ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ለዕረፍት የቀረበው ወተትና ኬክ ነው። አጠገቤ የነበረችው ከኒሯቅ የመጣች ነርስ ምንም አላነሳችም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እኔ አንድ ቁራሽ አንስቼ ነበር። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።