የመወለዷ ማስረጃ

ሸዋ ሮቢት ለገበሬዎች ነፃ የሕግ ምክር በምሰጥበት ጊዜ፣ ከሳዑዲ ተመልሳ ሽንኩርት ማሳ ላይ የምትሠራ አንዲት ሴት እዚያው ሳዑዲ የወለደቻትን ልጅ ይዛ መጣች። የልደት ምስክር ወረቀት ስለሌላት ትምህርት ቤቱ ልጅቷን አልመዘግብም ብሏል። ተያይዘን ቀበሌ ሄድን።

«መወለዷን በምን አውቃለሁ?» አለ ኃላፊው።

«ይቻትና!» አለች እናቲቱ። ልጅቷ ማንጎ እየበላች ጠረጴዛው ላይ ታንጠባጥባለች።

«እሷ ማስረጃ አትሆንም።»

እኔም ዓመታት የተማርኩትን ሕግ አንበለበልኩለት። በትሕትና አዛጋ። በማግስቱ እናቲቱ እዚሁ አጠገብ ካለችው ከጀውሃ ከተማ አልፈው የማያውቁ ሦስት ሽማግሌዎች አመጣች። ሳዑዲ ስለመወለዷ ምለው መሰከሩላት። ኃላፊው ረክቶ ማኅተሙን መታ።

«ጋሼ፣ አንቱ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር!» አለችኝ።

ምስጋናውን ሳላፍር ተቀበልኩ።