ባና የለበሰ ጓሮ

የዚያን ቀን ጓሮ የነበርነው አምስት ነን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኛ ቤት አንዷን ክፍል የተከራየችው አስተማሪ፣ ጎረቤታችን አሮጊትና እኔ። በጎቹም ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ያዩን ነበር።

ትናንት ካሮት ሳጥብ የቅጠሉ ሽታ ነው ይህን ያስታወሰኝ። ዛሬ ሦስት ጊዜ ሳላጥብ ለልጆቼ አልሰጥም። ያን ጊዜ ግን አፈሩን በቀሚሴ ጠርጌ ነው የበላሁት።

ቤታችን ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል ቀርቼ እናቴን አግዛለሁ። አስተማሪዋ የቆላ አገር ልጅ ናት፤ ብርዳችንን አልቻለችውም። በመስከረም መጨረሻ በወረቀት የተጠቀለለ ዘር ከሻንጣዋ አውጥታ፣ "ነይ፣ ጓሮ እንሥራ" አለችኝ። በሰፈራችን ካሮት ዘርቶ ያየ አልነበረም። አባቴ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን መሬት ለግልገሎች ጋጣ አስቧት ነበር። አስተማሪዋን እምቢ ማለት አፈረና፣ "እስከ ጥምቀት ትሁናችሁ። የሚበላ ካልወጣባት ግን ጋጣዬን እሠራለሁ" አለ።

ምን ያለ ደስታ ነበር! ጠዋት ጠዋት ከምንጭ ቀድቼ፣ ቂጡን በምስማር በበሳሁት ጣሳ አርከፈክፋለሁ። አፈሩ ውሃውን ሲመጥ ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማለሁ። ቅጠሉ እንስላል እየመሰለ ወጣ።

በኅዳር ውርጭ መጣ። የጎረቤታችን ባቄላ አድሮ ጠቆረ። እኔ ከልጅነቴም ፈሪ ነኝ። በማግሥቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአባቴን ባና፣ ያንን ወፍራም የበግ ጠጉር ልብስ ወስጄ ቡቃያውን አለበስሁት። አባቴ ሲፈልገው አድሮ ጠዋት ጓሮ አገኘው፤ ውርጩ ላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ደርቋል።

"እኔ በነጠላ ተኮራምቼ ልደር፣ ቅጠል ባና ለብሶ ይደር?" ብሎ ሲጮኽ አስተማሪዋ ሳቋን ይዛ ወደ ክፍሏ ሮጠች። እኔ ዱላዬን ጠበቅሁ። እሱ ግን የባናውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ አየ። ቡቃያው አረንጓዴ ነው። ማታ አንድ አሮጌ ዝተት፣ ያለቀ የበግ ጠጉር ልብስ፣ ወረወረልኝና፣ "ይኼን አልብሺው። የኔን ተይልኝ" አለ።

ጥምቀት ባለፈ ማግሥት ጓሮ ተሰበሰብን። አባቴ የጋጣውን እንጨት ቆርጦ አጥሩ ላይ አስደግፎታል።

"እንስላል ነው እኮ። እንስላል ደግሞ ሳይዘሩትም ይበቅላል" አሉ አሮጊቷ።

ሳብሁ። ቅጠሉ ብቻ ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ።

"አላልኋችሁም?"

"በጣትሽ ቆፍሪ" አለችኝ አስተማሪዋ። ቆፈርሁ። አውራ ጣት የሚያህል፣ እሳት የመሰለ ሥር ወጣ።

"ቅጠሉ ለበግ፣ ሥሩ ለሰው? ምን ያለ የተገለበጠ ነገር ነው!" አሉ አሮጊቷ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

በቀሚሴ ጠርጌ አንድ ጊዜ ገመጥሁና ለአባቴ ሰጠሁት፤ እሱም ገመጠ። ቆይቶ ቆይቶ አኘከ፤ ሁላችን አገጩን እናያለን። ሄዶ ከእንጨቱ አንዱን አነሣና በካሮቱ መደብ ጥግ ተከለው። ከዚያም ሌላውን።

"ጋጣ ነው?" አልሁ።

"አጥር ነው። እነዚህ በጎች አይተውልሽም።"

እስከዚያ ድረስ እናቴ ካሳየችኝ መስቀል ሌላ ጠልፌ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መደቡ ዳር እየተቀመጥሁ የትራስ ልብስ ላይ ካሮት ጠለፍሁ። የነበረኝ ክር ቀይና ቢጫ ስለሆነ ሁለቱን አብሬ በመርፌው አስገባኋቸው፤ የካሮቱ መልክ ቁጭ አለ። አስተማሪዋ በሰኔ ስትቀየር ሰጠኋት።

"ሥሩን ከላይ አደረግሽው?" አለችኝ።

"ሰው እንዲያየው ብዬ ነው።"

የትራስ ልብሱን ደረቷ ላይ አቅፋ አውቶቡስ ተሳፈረች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም።

የተገለበጠ ካሮት ያለበት የትራስ ልብስ ያላት አስተማሪ የምታውቁ ካላችሁ፣ ደህና መሆኗን ብቻ ንገሩኝ።