ከበር ኋላ የተንጠራራው ጤና አዳም

ከእንጦጦ ሥር፣ የካ የነበረው ቤታችን ለመንገድ ሲፈርስ እናቴ ይዛ የወጣችው አንድ ጤና አዳም ብቻ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። አባቴ በሞተበት ዓመት ከአጥሩ ሥር የተከለው ነው። መሪ ሰፈር ወዳለው ኮንዶሚኒየሜ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በቀለም ባልዲ ተክላ አመጣችው። ከዚያ በኋላ ግን እንኳን ደረጃ ልትወርድ መጋረጃም አልገልጥ አለች። ጉልበቴን ነው ትላለች። ጉልበቷ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ባልዲውን መንከባከብ በእኔ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ ስለ ማብቀል የማውቀው በልጅነቴ ያየሁትን ብቅል ብቻ ነው። እናቴ ገብሱን ዘፍዝፋ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና፣ ድንጋይ ከጫነችበት በኋላ ብርሃን እንዳላሳየው አደራ ትለኝ ነበር። እንግዲህ ጤና አዳሙም ሥር እስኪይዝ ጨለማ ይሻለዋል ብዬ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ወሸቅሁት። ሁለት ወር ሳይሞላው ቁመቱ እጥፍ ሆነ። ኩራቴ ለጉድ ነበር፤ እጇን ይዤ ወስጄ አሳየኋት።

ጎንበስ ብላ አየችው። ግንዱ ቀጥኖ ነጥቷል፣ ቅጠሉም ጥቂትና የገረጣ ነው። አንዱን ቀጥፋ አሸችና አሸተተችው፤ ያ ከአጥራችን ውጭ ድረስ ይሸት የነበረ ሽታ የለም።

«ይሄ አላደገም ልጄ፤ ብርሃን ፍለጋ ነው የተንጠራራው» አለችኝ።

እንደ ብቅሉ ጨለማ ይሻለዋል ብዬ መሆኑን ስነግራት፣ ብቅልማ ከበቀለ በኋላ ደርቆ ይፈጫል፣ ይሄ ግን መኖር አለበት ብላ ሳቀችብኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አባቴ በእጁ የተከለው ሌላ ነገር አልቀረንም፤ እሱንም የገደልኩት መሰለኝና አለቀስኩ።

የቀጠነውን ጫፍ በመቀስ ቆረጠችለት። በአንዴ ፀሐይ ላይ ከወጣ ይቃጠላል፣ ቀስ እያለ ይልመድ አለች። እኔን ግን አላመነችኝም። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ተነሳች። እኔ ባልዲውን፣ እሷ የደረጃውን ብረት ይዘን ወረድን። መጀመሪያ ቀን ከሕንፃው ጥላ ሥር ትንሽ ቆየን። በሳምንቱ ወደ ፀሐዩ ጠጋ አደረግነው። እሷም ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከጎረቤቶች ጋር መጫወት ጀመረች፤ ፊቷ ወዛ።

አሁን ግንዱ ጠንክሯል፣ ሽታው ደረጃው ላይ ሰውን ይቀበላል። ውጭ ቢያድር ምንም አይሆንም። እኔ ግን በየጠዋቱ፣ «ፀሐዩን ገና አልለመደም እማዬ፣ ትንሽ ይቀረዋል» እላታለሁ።

ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ቢሆንም «እሱስ ልክ ነህ» ትልና ጫማዋን ትፈልጋለች።