የአፋር ጭስና የአባቴ ደረት

ኅዳር ሚካኤል በመጣ ቁጥር የግቢያችንን ጥራጊ በር ላይ ከምሮ እሳት የሚለኩሰው አባቴ ነው። እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ከቤት ፈረሳው በተረፈው ግቢያችን፣ ለዚህ ሥራ እሱን የሚቀድም የለም። ኅዳር ሲታጠን በሽታ አብሮ ይወጣል እየተባለ ያደገ ሰው ነው። አስም እንዳለበት ሐኪም ከነገረው በኋላ እንኳ «ጭሱ ለእኔም መድኃኒት ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ዘንድሮም ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። እሱ እቴ! ማልዶ ተነሥቶ አጠነ።

በማግስቱ ያስለው ጀመር። በዚያው ሰሞን አፋር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈነዳ ተባለ፤ የሰው ስልክ ሁሉ ያንን ጭስ ማሳየት ያዘ። አባቴ ተገላገለ። ጥፋተኛ ተገኘለት።

«አየሽ? ደረቴን የዘጋው የአፋሩ ጭስ ነው» አለኝ።

ፒያሳ ጸጉር የሚያስተካክለው ጎረቤታችን ሲያልፍ ሰምቶት ኖሮ ቆም አለ። «ጋሼ፣ ከአፋር እዚህ ድረስ በየትኛው ታክሲ ተሳፍሮ መጣ?»

አባቴ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁ፤ በግኜ ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ።

ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ በረንዳ ላይ ጋቢውን ደርቦ ተቀምጦ አገኘሁት። ንዴቴ በርዶልኝ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና እንደ ልማዴ ከሥሩ ጀመርኩለት።

«የአፋሩን ጭስ ነፋሱ ወደ ቀይ ባሕር ነው የወሰደው፤ እኛ ጋ አልደረሰም። አንተን የያዘህ የራሳችን በር ጭስ ነው፣ አባዬ።»

«እሳተ ገሞራ ታዲያ ሰው አይጎዳም ልትዪኝ ነው?»

«ይጎዳል እንጂ! በጣም ትልልቆቹ ዓለምን ያበርዳሉ። አመዱ ቶሎ ይረግፋል፤ ድኝ ያለበት ጋዝ ግን ከደመና በላይ ይወጣል። እዚያ የሚያጥበው ዝናብ የለም። ስስ ጉም ሆኖ ምድርን ይዞራታል፣ የፀሐይን ብርሃን ወደመጣበት ይመልሳል። ሙቀት በሚጠበቅበት ወር ውርጭ የወረደባቸው፣ እህላቸው ሳይደርስ የቀረባቸው አገሮች ነበሩ።»

«ምድርም እንደኛ ኅዳር ታጥናለች በይኛ!» አለ ፈገግ ብሎ። «ይሄኛውስ ያበርደናል?»

«ይሄኛው ለዚያ አይበቃም።»

«ትልቁስ ቢሆን? ላይ የወጣው እዚያው ይቀራል?»

«አይቀርም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ትንሽ በለጥ ይላል። ቀስ እያለ ይወርድና ሰማዩ ይጠራል።»

ከታች ከመንገዱ የሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል፤ በመሃሉ የአባቴ ትንፋሽ ሲያፏጭ ይሰማኛል። አንድ ነገር ሊናገር ጀምሮ ሳል አቋረጠው። ሳሉ ሲለቀው ዐይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር።

«የእኔ ደረትስ መቼ ይጠራል?» አለኝ።

ስለ ሰማዩ ቢሆን እስኪመሽ ባወራሁለት።

«አላውቅም አባዬ። ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩት፤ «ምን ሆኜ?» የምትለዋን የዘወትር መልሱን እየጠበቅኩ።

«በጊዜ ቀስቅሺኝ» አለ።

እሺ እንዲለኝ ስንት ጊዜ ስለምነው ኖሬ፣ እሺ ሲለኝ ፈራሁ።