ስም የነበረው አጽም

ባለፈው ሳምንት ሕክምና የምትማረው የወንድሜ ልጅ ሞጣ ቤቴ መጥታ፣ ሙዚየም ውስጥ ያለ የራስ ቅል ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ።

«ጋሼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ይህን ይሳሉልኝ።»

«የማን ነው?» አልኋት።

«አይታወቅም።»

እርሳሱን መልሼ አስቀመጥሁና በወጣትነቴ የደረሰብኝን ነገርኋት።

በሃያ አራት ዓመቴ ቢቸና ሥዕል አስተምር ነበር። በመስከረም የመንገድ ሠራተኞች ከናዳ ሥር የሰው አጽም አገኙና በከተማው ትንሽ ሙዚየም ተቀመጠ። ኃላፊው «የጥንት ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ለምናሳትመው መጽሐፍ ሳልልን» አለኝ። ስሜ በመጽሐፍ ሊወጣ ነው ብዬ ፈነደቅሁ። የበቆሎ እሸት እየጋጥሁ ነበር የሳልሁት። ከሁሉ ይልቅ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ በቆሎ ነው።

አንደኛው የእግር አጥንት ተሰብሮ፣ ጠሞ የገጠመ ነበር። እንዴት እንደዳነ ለማወቅ ሥዕሎቹን ይዤ ሞጣ ወደ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ሄድሁ። ክረምቱ ገና አልወጣም ነበርና የተሳፈርንበት መኪና ጭቃ ውስጥ ሁለቴ ተይዞ ገፋነው። ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው የጠመመውን ቦታ በጣታቸው ተከተሉ።

«ይህን እግር ያሰርሁት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቀኑ ሳይደርስ ፈትቶት ነው የጠመመው። ተሰማ ይባላል። ከብዙ ዓመት በፊት መርጡለ ማርያም ሊሳለም እንደወጣ ቀረ። ልጁ ቢቸና ጌሾ ትሸጣለች።»

በማግስቱ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። በዕድሜ እናቴን ታህላለች። ስነግራት ጌሾዋን እንደተዘረጋ ትታ ተከተለችኝ። ሙዚየሙ ስትደርስ አላለቀሰችም፤ የጠመመውን አጥንት በእጇ ዳበሰችው። ከዚያ የራስ ቅሉን ሥዕል አየች።

«ማንን ጠይቀህ ሳልኸው?»

«ማንንም።»

«የእግሩን ሥዕል ያዘው፣ ሰው ይማርበት። ፊቱን ግን ስጠኝ።»

ኃላፊው «መጽሐፉስ?» አለ ቀስ ብሎ። ሥዕሉን ሰጠኋት። አጽሙን ለመልቀቅ ግን ኃላፊው፣ ወጌሻው ከሞጣ መጥተው የሚያውቁትን በአገር ሽማግሌዎች ፊት እስኪናገሩ ድረስ አመነታ። በኋላ አጽሙ ፍትሐት ተደርጎለት ተቀበረ። እኔ ከሰው ኋላ ቆሜ ነበር፤ ወደ ፊት ለመቅረብ አልደፈርሁም። ከሥዕሎቼ የእግሩ ብቻ ታተመ፤ ከሥሩም በልጁ ፈቃድ የተሰማ ስም ተጻፈ።

ይህን ስጨርስ የወንድሜ ልጅ «ታዲያ የሚጠየቅ ዘመድ ከሌለውስ?» አለችኝ።

ለሙዚየሙ ጽፋ አጽሙ ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንደገባ እንድትጠይቅ ነገርኋት። እስከዚያ አልስልም። ሙት ዝም ማለቱ ፈቅዶ እንዳልሆነ ያወቅሁት ከሳልሁ በኋላ ነው፤ እሷ ግን ሳይሳል በፊት መጠየቅ ትችላለች።