ያልቦካ ጭቃ

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም፤ ሐምሌ መሆኑን ግን አልረሳም። ሰሞኑን እዚህ ፀዳ ከተማ ጎረቤቴ ቤቱን ሊመርግ ያቦካው ጭቃ ከነጭዱ ሲሸተኝ ያ ቀን መጣብኝ።

ያኔ የምንኖረው ትክል ድንጋይ በምትባል ከተማ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱን መምረግ የኔ ሥራ ሆነ። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ሳምንት መክረም ነበረበት። እኔ ግን ለቅዳሜ ገበያ ቸኩዬ፣ ዛሬ ረግጬ በማግስቱ መረግሁት። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ግድግዳውን ላጠው፤ ማገሩ አፍጥጦ ወጣ። እናቴ ደግሞ ሳል ይዟት እዚያው ሥር ተኝታለች። አዲስ ጭቃ ብለጥፍ ብለጥፍ ከእጄ ጋር አብሮ ይወርዳል።

«ልጄ፣ ዝናቡ ቤት ገባ እንዴ?» አለችኝ።

«አልገባም፣ እምዬ» አልሁ፤ ውሃው በእግሬ ሥር እየሄደ።

ይኸኔ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን የሚተኙበትን ቁርበት ተሸክመው ገቡ።

«ምነው፣ ጭቃውን ሳይቦካ ጋገርኸው?»

«አያ፣ እናቴን ገደልኋት!»

«ዝም በል፣ ትሰማሃለች! ይልቅ ያንን ጫፍ ያዝ። ቁርበቱ እንደሆነ ከኔ ከሽማግሌው ይልቅ ዝናብ ይችላል።»

ቁርበቱን ማገሩ ላይ አሰርነው። ነፋሱ እየገለበጠ ቢያስቸግር፣ ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተውት ዝናቡ እስኪያባራ ቆሙ። እኔ የእናቴን እግር በእጄ ይዤ ላሞቀው ብታገል እምቢ አለኝ።

እናቴ መስቀልን ሳታይ አረፈች። ሳሉ ይሁን ያ ብርድ፣ እስካሁን አላውቅም፤ የምጠይቀውም ሰው የለም። ያንን ክረምት ያሻገሩኝ ሽማግሌ ግን አያ አድማሱ ይባላሉ።