አቶ ዘለቀ ያላወለቁት ማስክ

ባለፈው ሳምንት ከኢስት ዮርክ ወደ ስካርቦሮ ስንዛወር፣ ከመጻሕፍቴ ሥር አንድ የቆየ ካርቶን ወጣ። የራሴ ጽሑፍ ነው፦ «ሰው ሲገባ ማስክ አይወልቅም።» ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ልጄ «ይጣል?» አለኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አገር ቤት ያስተማርኩበት ጠመኔ ገና ከእጄ ሳይለቅ፣ ቶሮንቶ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ለአስተርጓሚነት ጠራኝ። አቶ ዘለቀ የሚባሉ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ማስክ አላደርግም ብለው፣ ለብቻቸው ከተሰጣቸው ክፍል እየወጡ ኮሪደሩ ላይ በባዶ ፊታቸው ይንሸራሸራሉ። ነርሷ ደንቡን በዝርዝር አስረዳችኝ። እኔ ደግሞ የተንዛዛ ነገር ለተማሪ ይከብዳል ብዬ የማምን ሰው ነበርኩና አሳጠርኩት።

«አፌን የምሸፍነው ሌባ ነኝ?» አሉኝ አቶ ዘለቀ።

«ሲያስሉ የሚወጣው ነገር እንደ ጢስ አየር ላይ ይቆያል፣ አባባ» ብዬ ሥዕል ሳልኩላቸው። ሥዕሉን ትተው መስኮቱን አዩ።

«ሙሉነሽ ስትመጣስ?» አልኳቸው።

ይህን ጊዜ ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። ሙሉነሽ በስምንት ዓመቷ ትተዋት የወጡ ልጃቸው ናት፤ ወረቀቷ አልቆ ልትገባ ጥቂት ሳምንት ቀርቷታል።

«እሺ፣ የኔታ። በትልቁ ጻፍልኝ።»

ካርቶኑን ከአልጋቸው ፊት ለጠፍኩ። ከዚያ በኋላ እንደሳቸው ያለ ተማሪ አልገጠመኝም።

ሙሉነሽ የመጣች ዕለት በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነበር። በር ላይ የተሰጣትን ወፍራም ማስክ አጥልቃ፣ እናቷ የላከችውን ዳቦ ቆሎ ይዛ ገባች።

«አባዬ፣ አንዴ ፊትህን ልየው።»

ካርቶኑን አዩ፤ እኔን አዩ። «የኔታ ይቆጣኛል» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ዓይናቸው ላይ ብቻ ታየ።

«እሺ፣ ይህን ቅመስልኝ።»

«ስትሄጂ እበላዋለሁ። ስድን ጠግበሽ ታዪኛለሽ።»

እኔ በሩ ሥር ቆሜ በተማሪዬ ኮራሁ።

ሁለት ጊዜ ተመልሳ መጣች፤ ሁለቱንም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። በሳምንቱ አቶ ዘለቀ ደም ተፍተው ዐረፉ።

ነርሷ ዕቃቸውን ስትሰበስብ ካርቶኑ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። እጇ ባለበት ቆመ።

«እኔ ያልኩህ ከክፍላቸው ሲወጡ ነው። እዚህ ውስጥ እኮ ማውለቅ ይችሉ ነበር፤ ልጅቷ ማስክ አድርጋ የለ?»

ያሳጠርኩት ይህን ነበር።

ሙሉነሽ የቀበረችው የተዘጋ ሣጥን ነው። የዳቦ ቆሎውን ከረጢት ስመልስላት ከላዩ ጎድሎ አየችና «ቀምሶታል» አለች። ነርሷ ያለችኝን ግን አልነገርኳትም።

ዛሬ ኖርዝ ዮርክ ትኖራለች። ባገኘችኝ ቁጥር፣ «አንተ እኮ ማስክ ሳያደርግ አይተኸዋል፤ ምን ይመስል ነበር?» ትለኛለች። ሪዛቸው መሸበቱን፣ ጥርሳቸው ፍንጭት መሆኑን እነግራታለሁ። ስለ ማስተማር ብዙ አውቃለሁ፤ የካርቶኑ ነገር ግን እንዴት እንደሚነገር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ካርቶኑን ከልጄ እጅ ተቀብዬ፣ ጽሑፉን ወደ ታች ገልብጬ፣ ከመጻሕፍቱ ሥር መልሼ ከተትኩት።